የሃምሳ አለቃ ዘርጋ ልጆች ስንት ናቸው?

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 6፡40

ሰባት ትራንስክሪፕት ጨረስኩ። አስራ አንድ ይቀራል። ማኅተሙ ቀለም ጨርሶ ግማሽ ክብ ብቻ ይመታል፤ ተማሪዎቹ የት/ቤቱን ስም በግማሽ ይዘው ሄዱ። ነገ ተመልሰው እንደሚመጡ አውቃለሁ።

ደብተሬ፣ ሁለት ሳምንት አልከፈትኩሽም። አባዬ ሞቷል። ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሰባ አንድ ዓመቱ። ለአንቺ መጻፍ አልፈለግኩም ነበር፤ ከጻፍኩት እውነት ይሆናል ብዬ። አሁን ጻፍኩት።

የሚቆረቁረኝ ግን ሌላ ነው። ቀብሩ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ። ታላቅ ወንድሜ ኤልያስ ነው ጽፎ ለዕድሩ ጸሐፊ የሰጠው። ስለ ጦር ሜዳው ረጅም። ስለ እምነቱ ረጅም። ከዚያ «የአራት ልጆች አባት»። በማይክ፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት። እኛ አምስት ነን። የሰፈር ሴቶች ዞረው አዩኝ። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

አስራ አምስት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ስም ከዝርዝር የሚወድቀው በሁለት ምክንያት ነው። ወይ ገልባጩ ደክሞታል፣ ወይ አንድ ሰው አስወጥቶታል። የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። አባዬ ራሱ አስወጥቶኝ ከሆነም ልወቀው።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ። ከምሽቱ 2፡00

ከሥራ ወጥቼ እማዬ ዘንድ፣ ጨለለቂ ሰፈር። ኤልያስም የመለዋወጫ ሱቁን ቀደም ብሎ ዘግቶ መጥቷል። እማዬ የአርባውን የሕይወት ታሪክ እኔ እንድጽፈው ትፈልጋለች። የቀብሩ በችኮላ ነበር፣ የአርባው ቤ/ክ ውስጥ ስለሚነበብ ይታሰብበት አለች። ቅዳሴው ኅዳር 28 ነው። የኤልያስ ፊት ጠቆረ።

ስለ አራቱ ጠየቅኩት። ከቁምስናው፣ ከአባዬ ቤ/ክ፣ የምዕመናን መዝገብ ገለበጥኩት ይላል። የጥምቀቱ ቀን፣ የጋብቻው፣ የልጆቹ ስም፣ ሁሉም እዚያ አለ፤ አንቺ የለሽም አለኝ። እህትና ወንድሙን ለመቁጠር መዝገብ አስፈለገው! ይህንኑ ነገርኩት። አንቺ አይደለሽ ወጥተሽ የሄድሽው አለኝ።

እማዬ ጣልቃ ገባች። «ማል ጎና፣ ምን እናድርግ እንግዲህ፣ ተዉ» ብላ ሁለታችንንም ዝም አሰኘችን። ዳቦ ቆርሳ ሰጠችን፣ እንደ ልጅነታችን እኩል እኩል። በላን። ወጣን።

ኅዳር 8፣ እሑድ። ከቀኑ 8፡00

ከቤ/ክ መልስ። ከእኔ ቤ/ክ ማለቴ ነው፣ ከጴንጤዎቹ። ደብተሬ፣ ታውቂያለሽ፣ ግን ከሥሩ ልጻፈው። አባዬ ካቶሊክ ነው፣ ከእምድብር በኩል፣ ከእናት ከአባቱ ጀምሮ። እኛንም ሁላችንንም ካቶሊክ አድርጎ አሳደገን። እኔ ገመቹን ወደድኩ፣ የዛሬ አስራ ሁለት ዓመት አገባሁት፣ ወደ እሱ ቤ/ክ ሄድኩ። በእሱ ብቻ አይደለም፤ አምኜበት ነው የሄድኩት። ይህን አባዬ ጠየቀኝ፣ እውነቱን ነገርኩት። ብዋሸው ይሻለው ነበር ይሆናል።

ዛሬ ከጸሎት በኋላ አንድ ሽማግሌያችን ጠጋ አለኝ። ደግ ሰው ነው። አርባ ላይ ትገኛለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኛ ዘንድ ለሞተ ሰው ጸሎት የለም፣ ተዝካር የለም። የአባቴን ታሪክ ላነብ እንደምሄድ ነገርኩት። እናስብበት አለ። ማሰቡ ጥሩ ነው፣ እኔ ግን ጨርሻለሁ።

ገመቹም ሰምቶ ነበር። ደጅ ስንደርስ፣ አባትሽ ናቸው፣ ምን ያስጠይቃል አለ። ቁልፉን አውጥቶ ከፈተ። ይህ ሰው የሚናገረው በወር አንዴ ነው፣ ሲናገር ግን ይበቃል።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ። ከቀኑ 7፡00፣ ቢሮ

ረቂቅ፦

«፶ አለቃ ዘርጋ በወጣትነታቸው ወደ ውትድርና ገብተው፣ በምሥራቅና በሰሜን ግንባር ዘጠኝ ዓመት አገልግለው፣ ጭናቸው ላይ ቆስለው ተሰናበቱ።»

እስከዚህ ትክክል። «በጀግንነት» የሚለውን ኤልያስ ጨምሯል። ሰረዝኩት። አባዬን ስለ ጀግንነት ጠይቀነው እናውቃለን። ይፈራ እንደነበር ነግሮናል፤ የፈራ ቀን ከስልክ ሽቦ አስር አስር ቋጥሮ በሠራው መቁጠሪያ ይደግም ነበር። ጓዶቹ ይሥቁበታል። ተኩስ ሲበረታ ደግሞ ለእኛም ድገምልን ይሉታል። ይህን ልጻፈው ወይስ አልጻፈው? የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይላሉ፤ እኔ ግን የአባዬን አንገት በልኩ ነው የምፈልገው።

ትናንት እማዬን እንዴት እንደተገናኙ ጠየቅኳት። አውቀዋለሁ፣ ግን ከአፏ ልስማው ብዬ። ወንድሟ የአባዬ ጓድ ነበር፣ እዚሁ ቅርብ የጉቴ ከተማ ልጅ። እዚያው ግንባር ቀረ። አባዬ ከሆስፒታል ሲወጣ ወደ አገሩ አልሄደም። መርዶውን ራሱ ለመናገር በክራንች ጉቴ መጣ። ኦሮምኛ አይችልም። ቤቱ ደርሶ ቆመ፣ የሟቹን ፎቶ ከደረት ኪሱ አወጣ፣ ተንበረከከ። ሰው ገባው። ሐዘን ተቀመጠ፣ ከቤተሰቡ ጋር፣ ሦስት ወር። ከዚያ ወደዚህ፣ ወደ ነቀምቴ ወረደ፣ ስፌት ተማረ፣ ዓመት ሲሞላው ሽማግሌ ላከ። እማዬ ስታወራ አላለቀሰችም። ያን ጊዜ ቀጭን ነበር አለች፣ ክራንቹ ከእሱ ይወፍር ነበር።

ኅዳር 13፣ ዓርብ። ከቀኑ 6፡30

በዚህ ከተማ አርባ ዓመት የሞላው ሁሉ አባዬ ፊት ተጠንቀቅ ብሎ ቆሟል። የት/ቤት ዩኒፎርም ሰፊ ነበር። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ «ተጠንቀቅ!» ይላል። ልጁ ደረቱን ነፍቶ ይቆማል። ይለካዋል። «አሳርፍ!» እናቶቹ በሣቅ ይሞታሉ። ዛሬ አንዱ መምህር ይህንኑ አስታውሶ፣ እዚሁ ቢሮዬ ውስጥ ተጠንቀቅ ብሎ አሳየኝ። ሣቅኩ። ከዚያ ከፋኝና ፋይል መደርደሪያው ኋላ ሄጄ ትንሽ ቆየሁ።

ቤታችንም ክፍለ ጦር ነበር። ማታ ማታ መቁጠሪያ እንደግማለን፣ በቁመታችን ተሰልፈን። ካለቀ በኋላ ስም ጥሪ። «ኤልያስ!» «አለሁ!» «ማርታ!» «አለሁ!» የጎደለ ሰው ካለ ምክንያቱ ይመዘገባል፣ እንደ ጦሩ። ሕመም። ግዳጅ። ፈቃድ። ኮብላይ። እማዬ ገበያ ስታመሽ ግዳጅ ላይ ናት። ኤልያስ አንድ ቀን ኳስ ሜዳ አምሽቶ ኮብላይ ተባለ፣ መቁጠሪያውን ብቻውን ከዳር እስከ ዳር ደገመ። እኔ ኮብላይ ተብዬ አላውቅም። በዚህ እኮራ ነበር።

እንግዲህ ሥጋቴ ይኸው ነው፣ ደብተሬ። ስገባ ስወጣ የማስበው። አባዬ በመጨረሻ ኮብላይ ብሎኝ ይሆን?

ኅዳር 15፣ እሑድ። ከቀኑ 9፡15

ስለ ሠርጌ ምን ልጻፍ? ኤልያስ ምንም አትጻፊ ይላል።

የሆነው ይህ ነው። የገመቹ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መጥተው ተመለሱ። በሦስተኛው፣ ልጄ አዋቂ ናት፣ መርቄያለሁ፣ እኔ ግን ቤ/ክናችሁ አልመጣም አላቸው። አልመጣምም። የመልስ ቀሚሴን ግን እሱ ሰፋው። ለመለካት ሱቅ ሄድኩ። ተጠንቀቅ አላለኝም። ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ፣ ዝም ብሎ ለካ፣ ዝም ብሎ ጻፈ። ቀሚሱ ልክክ አለ። ያን ቀን ቢቆጣኝ እመርጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ አስራ ሁለት ዓመት ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ልጆቼን ከት/ቤት ያመጣልኛል፣ በሩ ድረስ። ግባ እለዋለሁ። ማሽኑን ሳልሸፍነው ነው የመጣሁት ይላል። አስራ ሁለት ዓመት ያ ማሽን አልተሸፈነም! ከገመቹ ጋር መንገድ ላይ ቆመው ስለ ዝናቡ፣ ስለ በቆሎው ያወራሉ፣ በሰላም። ወደ ውስጥ ግን እግሩን አያነሳም። ናፍቆኛል፤ ተናድጄበታለሁም። ሁለቱንም።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ። ከቀኑ 10፡45

ነገርን ከሥሩ። ከሥራ አስፈቅጄ ቁምስናው ሄድኩ። ካቴኪስቱ ኦቦ ታደሰ ነው፤ አባዬን በጣም ይወደው ነበር። አብረው ሃያ ዓመት ትምህርተ ክርስቶስ አስተምረዋል። አካም ጂርታ ብሎ ተቀበለኝ፣ ወንበር ጠረገልኝ።

መዝገቡን አሳየኝ። አዲስ ነው፣ ባለፈው ክረምት አሮጌው ገጹ እየተበተነ ስላስቸገረ ኦቦ ታደሰ ራሱ ገልብጦታል። የጨለለቂ ቀጠና፣ ፶ አለቃ ዘርጋ፣ ባለቤት፣ ልጆች፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እውነትም የለሁም። ኤልያስ አልዋሸም።

ለምን እንደሌለሁ ጠየቅኩት። ኦቦ ታደሰ ተጨነቀ። አሮጌው ላይ ነበርሽ፣ ግን በስምሽ አንጻር የተጻፈው ነገር አልገባኝም፣ ምን ብዬ ልገልብጠው፣ ተውኩት አለ። ምን ነበር የተጻፈው? በትክክል አያስታውሰውም። የቀጠናውን መዝገብ ይይዝ የነበረው አባትሽ ነው፣ ጽሑፉ የእሱ ነው አለኝ። አሮጌው መዝገብ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ከቄሱ ከአባ ጋር ነው፣ አባ ቅዳሜ ይመለሳሉ።

ያልገባውን ይዘለዋል! እኔ ቢሮ እንዲህ ያደረገ ሰው ቢኖር... ተይው። ሽማግሌ ሰው ነው፣ አልተቆጣሁም። ትንሽ ተቆጣሁ።

ኅዳር 20፣ ዓርብ። ጠዋት

ምንም አልጻፍኩም። ረቂቁ «ልጆቻቸውን» የሚለው ላይ ቆሟል። ቁጥሩ ባዶ።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 6፡00

አየሁት። ቁምስናው ግቢ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ።

አሮጌው መዝገብ። የአባዬ ጽሑፍ፣ ቀጥ ያለ፣ እንደ ስፌቱ። በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ የቀጠናው ቤተሰብ ይቆጠራል፤ ማን ንስሐ ገባ፣ ማን ቆረበ፣ ማን ቀረ። እሱ ግን የሞላው በሚያውቀው መንገድ ነው። በጦሩ። «ኤልያስ፦ አለ። አለ። አለ።» ከኤልያስ ሥር እኔ፣ «ማርታ፦» እስከ ሠርጌ ዓመት አለች፣ አለች። ከዚያ፦

«ፈቃድ።»

በሚቀጥለው ዓመት፦ «ፈቃድ፤ ተራዝሟል።» ፊርማ። በሚቀጥለውም፦ «ተራዝሟል።» ፊርማ። ጣቴን እያስኬድኩ ቆጠርኩ። አንድ ዓመት አልዘለለም። የመጨረሻው የካቻምና ነው፤ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ስለነበር ፊርማው ከመስመር ወጥቷል።

ኦቦ ታደሰ በትከሻዬ በኩል ያያል። ከቤተ ክርስቲያን ፈቃድ የሚወጣ ሰው ሰምቼ አላውቅም፣ ስለዚህ ዘለልኩት አለ። እንደ ደንቡ «ለቃለች» ነው መጻፍ የነበረበት። ምን እንደሆነ አስረዳሁት። ወታደር ፈቃድ ሲወጣ ከክፍሉ አይሰረዝም። አልጋው አለ፣ ስሙ በየማለዳው ይጠራል። ኦቦ ታደሰ መነጽሩን አወለቀ። እኔም አለቀስኩ፣ አባ እያዩኝ፣ በጠራራ ፀሐይ። አልሠወርኩትም።

አላስወጣኝም። ደብተሬ፣ አላስወጣኝም!

ኅዳር 22፣ እሑድ። ከቀኑ 10፡00

ኤልያስ ሱቅ ሄድኩ። እሑድ ሆኖ ከፍቷል፣ ዕቃ ሊቆጥር ነው። የገጹን ፎቶ በስልኬ አሳየሁት። ይገረማል ብዬ ነበር። አልተገረመም።

ያውቅ ነበር። ያለፈው ፋሲካ አባዬ አልጋ ላይ ነበር። ኤልያስን ጠርቶ፣ ቁምስና ሂድ፣ የማርታን አራዝምልኝ፣ ስለ እኔ ፈርም አለው። ኤልያስ እሺ አለ። አልሄደም። ክረምት ላይ ተጠይቆ ሄጃለሁ ብሎ ዋሸ።

ጮህኩበት። መንገደኛ ቆሞ አየን። ለሚሞት ሰው እንዴት ትዋሻለህ? የመኪና ቡጂ የያዘ ካርቶን እንደታቀፈ ሰማኝ። ከዚያ እሱም ጀመረ። በየሳምንቱ ቅዳሴ ላይ አጠገቡ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ክሊኒክ በጀርባዬ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ለእኔ ምን ጻፈ? «አለ»። አንድ ቃል። ለአንቺ ግን በየዓመቱ ቆሞ ይፈርማል። አራዝም ሲለኝ ደሜ ፈላ፣ ኤልያስ ልጄ ብሎ አንድ ቀን እንኳ...

አልጨረሰውም። ካርቶኑን አስቀመጠው። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ጢሙ ሸብቷል። እኔ ስለ አራት ስናደድ ከረምኩ፤ እሱ ያንን «አለ» ተሸክሞ ከርሟል። ደህና ዋል እንኳ ሳንባባል ወጣሁ። ንዴቱ ግን ታክሲ ከመሳፈሬ በፊት ለቀቀኝ። ያሳዝናል ወንድሜ።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ። ከቀኑ 7፡20

ታሪኩን ጨረስኩ። አንድ ገጽ ተኩል። «ጀግንነት» የለም። የሽቦው መቁጠሪያ አለ፣ ጉቴ አለ፣ ተጠንቀቅ አሳርፍ አለ። ሠርጌም አለ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር፦ «ሁለተኛ ልጃቸው ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አዘኑ፤ ከልጅነት ግን አልሰረዟትም።» ስለ ኤልያስ የጻፍኩትን ሦስት ጊዜ ቀየርኩት።

ሽማግሌያችን ቤት መጣ። ሄጄ ባነብ ሽማግሌዎቹ እንደማይከፋቸው ነገረኝ፣ ለሙታን በሚደረገው ጸሎት አሜን እንዳልል ብቻ። እንደማልል ነገርኩት። ገመቹ፣ እኔም እሄዳለሁ፣ ኋላ እቀመጣለሁ አለ። ይህ እንግዲህ የዚህ ወር ሁለተኛ ንግግሩ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ወስኛለሁ። ወደ አባዬ ቤ/ክ አልመለስም። እማዬ ፎቶውን ካየች ጀምሮ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» እያለች ታቆላምጠኛለች። ነገርኳት። ስለ ተደረገልኝ ፍቅር ብዬ ያላመንኩትን አላምንም፣ እሱም አይወደውም። አዘነች። ቀጥላ ልጆቹ ራት በሉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 9፡30

ተነበበ። በመጀመሪያ እኔ በአማርኛ፣ ከዚያ ኦቦ ታደሰ በኦሮምኛ። ቤ/ክ ሞልቷል። «የአምስት ልጆች አባት» ስል ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ስማችንን በተራ ጠራሁ። «የመጀመሪያው ኤልያስ፤ አባቱን አንድም ቀን ብቻውን ያልተወ።» ቀና ብዬ አላየሁትም። እማዬ ናት የነገረችኝ፣ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ።

ከቅዳሴው በኋላ ኦቦ ታደሰ ወደ ቢሮው ጠራን። አዲሱን መዝገብ ዘርግቷል። ስሜን በአምስተኛ መስመር ጻፈ። ተራዬ ሁለተኛ ነበር፣ ግን ቦታ የለም፣ ይሁን። ከዚያ አንጻሩ ያለውን ባዶ ሳጥን አሳየኝ። ምን ልበል አለ።

«ለቃለች» በል አልኩት። እውነቱ እሱ ነው። እኔ በሐሰት መዝገብ ሞልቼ አላውቅም። ፈቃድም ቢሆን ያለፈው ፋሲካ ላይ አልቋል፣ አልተራዘመም። ኦቦ ታደሰ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ።

ኤልያስ ነው እጁን የዘረጋው። ስጠኝ አለው። አጎንብሶ «ፈቃድ፤ ተራዝሟል» ብሎ ጻፈ። ጽሑፉ አስቀያሚ ነው፣ ከልጅነቱም። እንደማልመለስ ነገርኩት፣ እንዳይሳሳት። አውቃለሁ አለኝ፣ አባዬም ያውቅ ነበር። ከሥሩ «ስለ ፶ አለቃ ዘርጋ» ብሎ ጻፈና ለመፈረም ቆም አለ።

የሞተ ሰው ወኪል የለውም፣ ፊርማው አይጸናም። ይህንንም ነገርኩት። ልማድ ሆኖብኝ ነው። እስክሪብቶውን አላስቀመጠም፤ ገጹ ግን እየተነሳ ያስቸግረዋል። እስኪፈርም መዝገቡን በሁለት እጄ ተጭኜ ያዝኩለት።